አብስትራክት ሥዕልን በስልክ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሙዚየም ሄዳችሁ ፊቱ ቁሙ

ማለዳ_አዳማ

ሰላም የአዳማ ልጆች።

ሰሞኑን አንድ ሰው እዚህ የአብስትራክት ሥዕል (የሚታወቅ መልክ የሌለበት፣ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል) ፎቶ ለጥፎ ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩት። «ይሄ ምኑ ነው ሥዕል?»፣ «ልጄም ይሞነጫጭረዋል»፣ «ገልብጠው ሰቅለውት እንዳይሆን»። በማንም አልፈርድም። ያያችሁት በስልክ ነዋ!

የሰው መልክ ያለበት ሥዕል በፎቶም ብዙ ነገሩ ይተርፋል። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ማዘኑን መሳቁን ታያላችሁ። ፈረስም በፎቶ ፈረስ ነው። የአብስትራክት ሀብቱ ግን ሌላ ነው። መጠኑ፣ የቀለሙ ውፍረት፣ ብሩሹ የሄደበት መንገድ፣ አንዱ ቀለም ከሌላው ሲጎራበት ዓይን ላይ የሚያመጣው ነገር። ስልክ ለይቶ የሚበላው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ከሌላው ሥዕል ሁሉ በላይ በአካል መታየት ያለበት ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅርባችን ስድስት ኪሎ ነው። እዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፤ በ2008 የተከፈተ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ገብረ ክርስቶስን ብዙዎቻችን በግጥሙ ነው የምናውቀው፤ ሰዓሊም ነበር። በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ መንፈሳዊ መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እሱ ጀርመን ኮሎን ሄዶ ተማረ፣ በ60ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። በመጨረሻ ከሀገሩ ወጥቶ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹ ናቸው ወደ ሀገር ተመልሰው ለዚህ ሙዚየም መሠረት የሆኑት። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ሰውየው አልተመለሰም፤ ሥዕሎቹ ተመለሱ።

ፊታቸው ስትቆሙ መጀመሪያ የምታዩት ቀለሙ ጠፍጣፋ አለመሆኑን ነው። የተቆለለ ቦታ አለ፣ የተፋቀ ቦታ አለ። ከጎን ስታዩት የቀለሙ ጉብታ የራሱን ጥላ ይጥላል። ፎቶ ላይ «አንድ ቀይ» ያላችሁት በቅርብ ሲታይ ብዙ ቀይ ነው፤ ከሥሩ ቡናማ ብቅ ይላል፣ ዳር ዳሩን ብርቱካናማ ያደርገዋል። ሦስት እርምጃ ወደኋላ ስትሉ ያ ሁሉ ዝርዝር ይዋጥና ሌላ ነገር ይሆናል። ሰዓሊው ያን ሁለቱንም ርቀት አስቦበታል።

እስቲ በአካል ያየ ሰው ካለ ይጻፍ። ያልወደደም ቢሆን።

ፍራንኮ_ሰፈር

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ። ግን ከልቤ የምጠይቀው ነገር አለኝ።

እኔ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ነኝ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ ሆቴል ስናጠናቅቅ ባለቤቱ ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ አብስትራክት አሠራ። ሰዓሊው ጠዋት መጣ፣ የሶፋውን ቀለም ጠየቀ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨርሶ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ቆሜ አይቼዋለሁ። በአካል! ምንም አልተሰማኝም። ያው ሥዕል ሙዚየም ቢሰቀል፣ ከጎኑ ስምና ዓመት ቢለጠፍ፣ ጠባቂ ቢቆምለት እናከብረዋለን? የምናከብረው ሥዕሉን ነው ወይስ ግድግዳውን?

የቀለም_እጅ

ፍራንኮ ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ አዳማ የሱቅ ማስታወቂያ በመጻፍ ነው። ፕላስቲክ ማተሚያው መጥቶ ሥራውን እስኪወስደው ድረስ ብሩሽ ከእጄ አልወረደም። ስለ ቀለም ትንሽ የምለው አለኝ።

ለሶፋ የተሠራ ሥዕል የሶፋ ጌጥ ነው። ነውር የለበትም፤ እኔም ለፀጉር ቤት እንዲህ ያለ ሠርቻለሁ። ግን በጌጡ ሌላውን ሁሉ አትመዝነው። ቅርጽ ባለው ሥዕልም እኮ መጥፎ ሞልቷል፤ የተሣለው አንበሳ ውሻ ስለመሰለ የአንበሳ ሥዕል በሙሉ ከንቱ ነው አንልም።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። የስልክህ መስታወት ሁሉንም ቀለም የሚሠራው ከሦስት መብራት ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ብርሃኑን እሱ ራሱ ይተፋል። ሸራ ላይ ያለ ቀለም ግን የክፍሉን ብርሃን ተቀብሎ ነው የሚመልሰው። ዘይቱ ያሳለፈው ብርሃን ከሥር ያለውን ቀለም ነክቶ ይመለሳል። ለዚህ ነው ጥልቀት ያለው የሚመስልህ። ስልኩ ደግሞ ሊሠራቸው የማይችል ቀለሞች አሉ። ኢቭ ክላይን የሚባል ፈረንሳዊ አልትራማሪን ሰማያዊ ዱቄትን ከሙጫ መሰል ኬሚካል ጋር ቀላቅሎ፣ ዱቄቱ ሳይረጥብና ሳይጨልም እንዲደርቅ አደረገ። ግሎስ የለውም፣ አያብረቀርቅም፤ ድፍን ማት ነው። የዚያን ሰማያዊ ፎቶ ያየ ሰው ሰማያዊውን አየሁ ማለት አይችልም። ዘይት ሲጨመርበት የዱቄት ቀለም ድምቀቱ እንዴት እንደሚቀንስ በብረት ቆርቆሮ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ሌላም ልጨምር። ማሌቪች የተባለው ሩሲያዊ በ1915 ያሳየውን ጥቁር ካሬ ሰምታችሁ ይሆናል። «ጥቁር ካሬማ ማንም ይሠራል» ይባላል። ሥዕሉ ግን ዛሬ ስንጥቅጥቅ ብሏል። በስንጥቁ ውስጥ ሌላ ቀለም ይታያል። በ2015 ሞስኮ ያሉ ባለሙያዎች በጨረር ሲመረምሩት ከሥሩ ሌላ ባለቀለም ሥዕል እንዳለ አረጋገጡ። ሰውየው በሠራው ሥዕል ላይ ነው ጥቁሩን የደረበው። የታችኛው በደንብ ሳይደርቅ የላይኛውን ስትደርብ ቀለም እንደዚያ ይሰነጠቃል። ብረት በር የቀባ ሁሉ ይሄን አይቷል። እና ያን ሥዕል በስልክ ያየ ሰው ጥቁር ካሬ አየ፤ በአካል ያየ ሰው የአንድ ሰው ውሳኔ አየ። አንዱን ሥዕል ሠርቶ በላዩ ላይ «አይ፣ ይሄ ነው» ያለበትን።

ናዝሬት_በልጅነት

ጋሼ እጅዎ ይባረክ! አንብቤ ሁለቴ ደገምኩት።

እኔ ያደግኩት አዳማ ነው፤ አሁን ያለሁት ዋሽንግተን ዲሲ። እዚህ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ የአሜሪካዊው ሰዓሊ የጃክሰን ፖሎክ «ላቬንደር ሚስት» አለ፣ 1950 የተሠራ። ስፋቱ 3 ሜትር ይሆናል፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ቀለሙን ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ እያለ ነው ያንጠባጠበውና ያፈሰሰው። በስልክ ግራጫ ጭጋግ ነው የሚመስለው። ፊቱ ስትቆሙ ግን ክሮቹን አንድ በአንድ ትከተላላችሁ፤ የትኛው በየትኛው ላይ እንደወደቀ፣ የቱ ጋ እጁ እንደፈጠነ፣ የቱ ጋ እንደዘገየ። ስሙ ሐምራዊ ጭጋግ እንደማለት ነው፤ ነገር ግን ሐምራዊ ቀለም አልገባበትም። ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ሮዙ፣ ጥቁሩ ተደራርበው ዓይናችን ነው ሐምራዊ የሚያደርገው። በላይኛው ማዕዘኖች ላይ ደግሞ የእጁ መዳፍ አሻራ አለ። የገዛ እጁን ቀለም ነክሮ አትሞበታል። መዳፉን ሳይ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነብኝ። ከሰባ ዓመት በላይ የቆየ የሰው እጅ።

ከዚያ ወጣ ብላችሁ ፊሊፕስ ኮሌክሽን የሚባል ሙዚየም ውስጥ የሰዓሊው የማርክ ሮትኮ ክፍል አለ። ትንሽ ክፍል ናት፤ አራት ሥዕል በአራት ግድግዳ፣ መሐል ላይ አንድ አግዳሚ። ሮትኮ ራሱ መጥቶ አይቶ፣ ወንበሮቹ ይውጡና አንድ አግዳሚ ብቻ ይግባ፣ መብራቱም ደብዘዝ ይበል ያለባት ክፍል ናት። ተመልካች ለሥዕሎቹ በጣም ተጠግቶ፣ ወደ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ቀርቦ እንዲቆም ይመክር እንደነበር ይነገራል። ያን ያህል ስትጠጉ ዳሩ ይጠፋባችኋል፤ ቀለሙ ውስጥ ናችሁ።

የኛው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ ነው በ2003 ያረፈው። የሱን ሥራ እዚህ ሀገር ሙዚየም ውስጥ ሳገኝ የሚሰማኝን ኩራት መግለጽ አልችልም። ያን ጊዜ ደግሞ እናንተ እዚያ አጠገባችሁ እያለ የማታዩት ይቆጨኛል።

ፍራንኮ_ሰፈር

ጋሼ፣ የጥቁሩ ካሬ ነገር አሳምኖኛል። የመዳፉም ደስ ይላል። ግን ሁለቱም ስለ ሥዕሉ የሚነገሩ ታሪኮች ናቸው። ታሪኩን ካልሰማሁ ምን አያለሁ? ሄጄ ቆሜ ምንም ስሜት ካልሰጠኝ ጥፋቱ የማን ነው? «አልገባህም» መባልን አልፈልግም። ብዙ ሰው ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የማይሄደው ሥዕል ጠልቶ ሳይሆን አላዋቂ መባልን ፈርቶ ይመስለኛል።

ማለዳ_አዳማ

ፍራንኮ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ትልቅ ነው። በጣም እውነት ነው። እስቲ እኔ የማደርገውን ልንገርህ።

ነጠላ ስትገዛ «ይሄ ጥለት ምን ማለት ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ? አትጠይቅም። ታየዋለህ፣ ትዳስሰዋለህ፣ ይሄኛው ያምራል ያኛው ደመቀብኝ ትላለህ። እናትህ ደግሞ አንተ ያላየኸውን ልዩነት ታያለች፤ ብዙ ስላየች ነው። ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም። ያንኑ ዓይን ይዘህ ግባ።

ቁም ነገሩ ጊዜ መስጠት ነው። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ተሠርቶ በ2001 የታተመ ጥናት ነበር፤ ሰዎች አንድ ሥዕል ፊት የሚቆሙት በአማካይ 27 ሰከንድ ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መልክ ያለውን ሥዕል ለይተህ ማለፍ ትችላለህ። አብስትራክት ግን በ27 ሰከንድ አይከፈትም። ሁሉንም ለማየት አትሩጥ። አዳራሹን አንዴ ዙረህ፣ እግርህ ቆም ያለበትን አንዱን ምረጥና እሱ ጋ ቆይ። የጽሑፍ መግለጫውን በኋላ አንብበው። ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዚያ ወዴት ተጎተተ? የማትወደው ቦታ የቱ ነው? ይሄ በቂ ነው። «ምንም አልሰጠኝም» ብለህ ብትወጣም ጥፋት የለብህም። ያ ሥዕል ላንተ አልሆነም። ቀጥሎ ያለው አለ።

ደግሞ ይህ ነገር የፈረንጅ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። የኛን ጠልሰም አስቡት። በብራና ጥቅልል ላይ የሚሠራው፣ ዓይኖች፣ ኮከብ መሳይ ቅርጾች፣ የተጠላለፉ መስመሮች ያሉበት። ደብተራው ብራናውን የሚያዘጋጀው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር። ከራስ እስከ እግር። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም፤ ዋናው ነገር ማየቱ ነው፣ ዓይኖቹም መልሰው እንዲያዩት ነው። የሥዕል መጠን ከሰው አካል ጋር መነጋገር እንዳለበት አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። እስክንድርም፣ ዘሪሁን የትምጌታም ከዚህ ነው የቀዱት፤ ዘሪሁን በቀርከሃ ስንጥር ላይ ይሥላል። ወሰኔ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደላችንን በትኖ፣ አጣምሞ፣ ቆርጦ ነው የሚሠራው። ቃል ልታነብ ትሞክራለህ፣ አይነበብም፤ ግን የገዛ ፊደልህ መሆኑን ዓይንህ ያውቃል። ለአማርኛ አንባቢ ይሄ ሌላ ሰው የማያገኘው ዕድል ነው።

ቦኩ_ላይ

እኔ ተማሪ ነኝ፤ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር።

መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየምን የረሳችሁ መሰለኝ። ከመሠረቱት አንዱ ሰዓሊው ኤልያስ ስሜ ነው። ኤልያስ ከመርካቶ የሚገዛውን አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ሰርኪዩት ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ ሁሉ ጠልፎና ገጣጥሞ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራል። ራቅ ብላችሁ ስታዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ነው የሚመስለው። ቀርባችሁ ስታዩት እያንዳንዱ መስመር የተጠማዘዘ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪካል ስለምማር ሽቦዎቹን በዓይነት መለየት እችላለሁ፤ አንድ ሰው ያን ሁሉ በእጁ እንደገጠመው ሳስብ ደንግጬ ነው የቆምኩት። ፎቶው ይሄን አይነግራችሁም። ፎቶ ላይ የታተመ ጨርቅ ነው የሚመስለው።

የዞማ ሕንፃዎችም ራሳቸው ጭቃና ጭድ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ በእጅ የተሠራ ቅርጽ አለ። ፀሐይ ስትዞር የግድግዳው ቅርጽ ጥላውን ይቀይራል። ፍራንኮ፣ የማጠናቀቂያ ባለሙያ ከሆንክ እሱን ግድግዳ ሳታይ እንዳትቀር።

ሌላው ምኞቴ ነው። አዳማ ላይ አንድ ክፍል ቢኖረን። ትልቅ ሙዚየም አላልኩም። ንጹሕ ነጭ ግድግዳ፣ ደህና መብራት፣ በየጊዜው የሚቀያየር አምስት ስድስት ሥዕል። ስንት አዳራሽ በሳምንቱ መሐል ተዘግቶ ይውላል።

የሁለት_ልጆች_እናት

ልጆች ይዤ ብሄድ ያስገቡኛል? ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ እጁ አያርፍም። ገንዘብ ከፍለን መንገድ ወጥተን ከበር እንዳንመለስ ብዬ ነው።

የቀለም_እጅ

ልጄ፣ ውሰጂያቸው። ልጅ «ይሄ ምን ማለት ነው» ብሎ አይጨነቅም፤ ቀጥታ ያያል። ከመነሳትሽ በፊት ግን ደውለሽ ክፍት መሆኑንና የመግቢያውን ነገር አጣሪ።

እጁን በተመለከተ ቀድመሽ ቤት ንገሪው። ለምን እንደማይነካም ንገሪው፤ ልጅ ምክንያት ሲነገረው ይሰማል። እጃችን ላብና ቅባት አለው። አንድ ሰው ሲነካው አይታይም፤ ብዙ ሰው ሲነካው ቀለሙ ይቆሽሻል፣ ማት የነበረው ቦታ ያብረቀርቃል። በዘይት የተሠራ ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ ስላለው ይጸዳል። ቫርኒሽ የሌለው ማት ሥዕል ላይ ግን የጣት አሻራ ማስለቀቅ ጭንቅ ነው። ሥዕሉ ፊት መሬት ላይ መሥመር ካለ ልጁ ከመሥመሩ ጀርባ እጁን ወደኋላ አድርጎ ይቁም። እኔም እንደዚያ ነው የምቆመው፤ እጄ ቀለም ሲያይ አያርፍም።

ፍራንኮ_ሰፈር

ሄድኩ። ከአዳማ መናኸሪያ በጠዋት ተነስቼ፣ በፍጥነት መንገዱ ገባሁና ስድስት ኪሎ ደረስኩ። ትልቋን ልጄን ይዤ ነበር።

በግልጽ ልናገር። ብዙዎቹ ፊት ቆሜ ምንም አላገኘሁም። ማለዳ እንዳለችው አዳራሹን ዞርኩ፤ አንዱ ጋ እግሬ ቆመ። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አላወቅኩም። ቆይቼ ሳየው የጠርዙ ነገር ነው። ሁለት ቀለም የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሰዓሊው መሥመሩን አላጠራውም። ሆን ብሎ። የታችኛው ቀለም በስሱ እንዲያመልጥ ትቶታል። እኔ በሥራዬ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጠርዝ ቢተውልኝ አስፈርሼ አስደግመዋለሁ። እዚህ ግን ያ ጠርዝ ባይኖር ሥዕሉ ይሞት ነበር። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ፈልጌ ከሥዕሉ ጎን ያዝኩት። ጠርዙ ስልኩ ላይ የለም! ቀጥ ያለ መሥመር ነው። የምትሉት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ልጄ ደግሞ የወደደችው እኔ ያለፍኩትን ነው። ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ተከራከርን። እሷ «ሥዕሉ እየወደቀ ነው» ትላለች፤ እኔ የማየው የተተከለ ነገር ነው። ሁለታችንም አልተረታንም።

የሆቴሉን ሥዕል ግን አሁንም አልወደውም። እንዲያውም አሁን ለምን እንደማልወደው አወቅኩ፤ አንድም ቦታ ላይ የተጨነቀበት ጠርዝ የለውም።

አንድ ጥያቄ፦ አንዳንዱ ሥዕል ላይ መብራት እያንጸባረቀ ግማሹን አላየሁትም። ምን ይደረጋል?

ማለዳ_አዳማ

ፍራንኮ፣ ጽሑፍህን ሳነብ ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጅህን ሳምልኝ። የጠርዙን ነገር እኔም ልብ አላልኩትም ነበር፤ ተመልሼ አየዋለሁ።

ለነጸብራቁ፦ ቫርኒሽ ያለው ሥዕል እንደዚያ ያደርጋል። ባለህበት አትቁም፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በል፣ ጎንበስ በል። መብራቱ ከዓይንህ ይሸሻል። ደግሞ ትልልቆቹን ከሩቅ ብቻ አትያቸው። ባርኔት ኒውማን የሚባል አሜሪካዊ በ1951 ኒውዮርክ ሲያሳይ፣ ትልልቆቹ ሥዕሎች ከቅርብ እንዲታዩ የተሠሩ ናቸው የሚል ማሳሰቢያ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ከ5 ሜትር በላይ ስፋት አለው። አጠገቡ ስትቆም ዳርና ዳሩን በአንድ ጊዜ ማየት አትችልም፤ አንገትህን ማዞር አለብህ። የፈለገው ያንን ነው።

ቦኩ፣ የክፍሉን ሐሳብ አልረሳሁትም። ሳምንት መሐል የሚዘጋ አዳራሽ ያለው ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጋሼ የቀለም እጅ ግድግዳውን ለመቀባት ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ እኔ ሚኒባስ አስተባብራለሁ፤ መጀመሪያ ቅዳሜ ዞማ እንሂድና መብራታቸውን እንዴት እንዳስቀመጡት አብረን እንይ። መሄድ የምትፈልጉ ከሥር ስማችሁን አስቀምጡ።

የቀለም_እጅ

ግድግዳውን እኔ እቀባለሁ። ግን ድፍን ነጭ አይሆንም፤ የአዳማ ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ነጩ ዓይን ይወጋል። ትንሽ ግራጫ ጠብ እናደርግበታለን። ለሚኒባሱ አንድ ወንበር ያዙልኝ፣ መስኮት ጋ።

የሁለት_ልጆች_እናት

ሦስት ወንበር ለኛ።